ትኩስ እበት ለጎመንና ለሰላጣ ይሆናል? (ለገጣፎ)

ጓሮዬ

ሰላም ለሁላችሁ። ለገጣፎ ነው የምኖረው። ከቤቱ ጀርባ 40 ካሬ የምትሆን ባዶ መሬት አለችኝ። ዘንድሮ ክረምት ሲገባ ጎመን፣ ሰላጣ፣ ካሮትና ትንሽ ድንች ላደርግባት አስቤያለሁ። ማዳበሪያ መግዛት አልፈለግኩም፣ ዋጋውን ታውቁታላችሁ። ጎረቤታችን የፈረንጅ ላሞች አሉት፣ እበቱን "መጥተሽ ዛቂ እንጂ ገንዘብሽን አልፈልግም" ብሎኛል። ከታች በኩል ያለች ሴትዮ ደግሞ ዶሮ ታረባለች፣ ኩሱን ከነሰጋቱራው በጆንያ አስራ በሯ ላይ ታስቀምጠዋለች። የፈለገ ያንሳው ነው።

ችግሩ ምክሩ ነው። እናቴ ጉራጌ ናት፣ "እንሰት በምን የሚያድግ ይመስልሻል? ከበረት አውጥቶ ሥሩ መድፋት ነው" ትላለች። ባለቤቴ "ልጆቹን ታይፎይድ ልታስይዣቸው ነው" ይላል። ዩቲዩብ ላይ ያየሁት ሰውዬ ደግሞ 6 ወር ይብሰል ባይ ነው፣ 6 ወር ከጠበቅኩማ ክረምቱ አለፈ። አሁን ሚያዝያ ነው። ትኩሱን አሁን ብቀብረው በሰኔ መዝራት እችላለሁ? የዶሮውስ ከእበቱ ጋር ይደባለቃል? ሽታውንም ነገር አስቡልኝ፣ በቀኝ በኩል ያሉት ጎረቤቶቼ ለጠብ ሰበብ የሚፈልጉ ናቸው።

የበረት ልጅ (ሱሉልታ)

እህቴ፣ እናትሽም ባልሽም ግማሽ ግማሽ እውነት ይዘዋል። እንሰት ጥሬ እበት የሚችለው ለዓመታት መሬት ውስጥ ስለሚቆይ ነው፣ ቆጮውም ተፍቆ፣ ተብላልቶ፣ እሳት ላይ ወጥቶ ነው የሚበላው። ሰላጣ ግን በሁለት ወር ደርሶ ጥሬውን ሳህን ላይ ይወጣል።

ትኩሱን አሁን መቅበር ይቻላል፣ ግን ቀን ቆጥረሽ። የአሜሪካ የኦርጋኒክ እርሻ ደንብ ጥሩ መለኪያ ነው። የሚበላው ክፍል አፈር የሚነካ ከሆነ (ካሮት፣ ድንች፣ ሰላጣ) ጥሬው ፍግ ከመሰብሰቡ 120 ቀን በፊት አፈር ውስጥ መግባት አለበት ይላል። አፈር የማይነካ ከሆነ፣ ለምሳሌ በቆሎ፣ 90 ቀን ይበቃል። ልብ በይ፣ የሚቆጠረው እስከምትዘሪበት ሳይሆን እስከምትሰበስቢበት ቀን ነው። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚምታታበት። ደግነቱ ከጳጉሜ በቀር የእኛ ወር ሁሌም 30 ቀን ስለሆነ 4 ወር መቁጠር ብቻ ነው። ሚያዝያ 30 ከቀበርሽ ነሐሴ 30 ሞላልሽ። በሰኔ የዘራሽው ድንች መስከረም ላይ ሲደርስ ቀኑ አልፏል ማለት ነው።

ካሮቱን ግን ትኩስ እበት ያለበት መደብ ላይ አታድርጊው። ሥሩ ሁለት ሦስት ቦታ ይከፈላል፣ ጸጉር ያበዛል፣ ገበያ ላይ ማንም አያነሳልሽም። ለሰላጣና ለካሮት የበሰለ ፍግ ነው የሚያስፈልግሽ፣ እሱን ደግሞ ዛሬ ከጀመርሽ ለሐምሌ መጨረሻ ታደርሺዋለሽ። 6 ወር ግዴታ አይደለም። 6 ወር የሚፈጀው ጥግ ላይ ተቆልሎ ማንም የማይነካው ክምር ነው።

አሠራሩን ልንገርሽ። በረት አጠገብ ስላደግሁ ቀላል ይመስለኛል መሰለኝ፣ ያልገባሽን ጠይቂ። ወርድና ቁመቱ ከ1 ሜትር ያነሰ ክምር አይሞቅም። እዚህ እኛ ጋ ሌሊቱ ብርድ ነው፣ ሱሉልታ ከባሕር ጠለል ከ2,500 ሜትር በላይ ነው፣ ለገጣፎም ብዙ አይሻልም። ስለዚህ አጠራቅመሽ በአንድ ጊዜ ከምሪው። ከሥር አየር እንዲገባ ጭራሮ ወይም የበቆሎ አገዳ፣ ከዚያ ጭድ ወይም ገለባ፣ ከዚያ እበት፣ ከዚያ ዘር ያልያዘ አረም፣ ትንሽ አፈር፣ እንደገና ጭድ። መሀሉ ላይ ረጅም ዘንግ ሰክተሽ ተዪው። ከሦስት አራት ቀን በኋላ ዘንጉን መዝዘሽ ጫፉን ያዢው። እጅሽን ቶሎ የሚያስለቅቅሽ ከሆነ እየሠራ ነው። ቀዝቃዛና ደረቅ ከሆነ ውሃ አንሶታል፣ ቀዝቃዛና የሚያጣብቅ ከሆነ ውሃ በዝቶበታል። ከመሀል እፍኝ አውጥተሽ ስትጨምቂው በጣቶችሽ መሀል ጠብ ጠብ ካለ በቂ ነው፣ ከፈሰሰ ጭድ ጨምሪበት።

ከዚያ ማገላበጥ። የውጪው ወደ ውስጥ፣ የውስጡ ወደ ውጪ እንዲገባ አድርገሽ። ያው የአሜሪካ ደንብ እንዲህ ለሚገለበጥ ክምር ሙቀቱ ከ55 ዲግሪ ሳይወርድ 15 ቀን እንዲቆይና በዚያ ጊዜ ውስጥ 5 ጊዜ እንዲገለበጥ ይጠይቃል። በሽታ አምጪውንና የአረም ዘሩን የሚገድለው ይኼ ሙቀት ነው። ስታገላብጪ እንፋሎቱ ፊትሽን ይመታሻል፣ ውስጡም አመድ የተነሰነሰበት የሚመስል ነጭ ነገር ታያለሽ። አትደንግጪ፣ ጥሩ ምልክት ነው። ዓይን የሚያቃጥል ሽታ ከመጣ ግን ናይትሮጅኑ እየተነነብሽ ነው፣ ጭድ አልብሺው። ሽታውንም ዝንቡንም የሚይዘው ያው ጭዱ ነው። ትኩስ እበት ባመጣሽ ቁጥር ሳታለብሺ አትግቢ፣ ጎረቤቶችሽን አይሸታቸውም።

አመድ እንዳትቀላቅዪበት። "ለአፈር ጥሩ ነው" ብለው የሚነሰንሱ አሉ፣ ትኩስ እበት ላይ ሲሆን ናይትሮጅኑን ወደ ሰማይ ያባርረዋል። ለቀይ አፈር አመድ መልካም ነው፣ ግን ለብቻው፣ በሌላ ጊዜ።

ኮንዶሚኒየም 4ኛ ፎቅ

እኔ በረንዳ ላይ 3 ጀሪካን ቆርጬ ቆስጣ አለኝ፣ ይኼን ሁሉ አንብቤ ላም ልገዛ ነው 😂 ግን ከምር፣ እበት በነጻ ያገኘሽ ዕድለኛ ነሽ። ሰንዳፋ መንገድ ላይ እናቶቹ ኩበት ጠፍጥፈው ለምጣድ ነው የሚሸጡት፣ ለአበባ ትንሽ ስጡኝ ብዬ "ለአበባ?!" ብለው ስቀውብኛል።

የበረት ልጅ (ሱሉልታ)

@ኮንዶሚኒየም እውነታቸውን ነው። እኛም ቤት እበት በመጀመሪያ የእናቴ ነው፣ ኩበት ተደርጎ ለእንጀራ መጋገሪያ። የተረፈው ነው ለማሳ። መሬታችን የተራበው በዚህ ነው፣ ግን ማገዶ በሌለበት ማንን ትወቅሳለህ?

የዶሮ ነገር

ስለ ዶሮው ማንም ስላልመለሰልሽ ልግባ። ከሌማት ትሩፋት ወዲህ በየግቢው ዶሮ ስላለ ኩስ እንደ ልብ ነው፣ ግን ሰው እንደ እበት ይመስለዋል። ኃይለኛ ነው። ትኩሱን ችግኝ ሥር ያደረገ ሰው በሳምንት ውስጥ የቅጠሉ ጠርዝ ሲቃጠል ያያል። ናይትሮጅኑም ፎስፈረሱም ከከብት እበት በብዙ ይበልጣል።

የአንቺ ጥሩው ነገር ከነሰጋቱራው መሆኑ ነው። ክምር እንዲሞቅ ለ1 እጅ ናይትሮጅን ከ25 እስከ 30 እጅ ካርቦን ይፈልጋል። ኩሱ ናይትሮጅን ነው፣ ሰጋቱራው ካርቦን ነው። ስለዚህ መልሴ አዎ፣ ይደባለቃል፣ እንዲያውም እበቱ ብቻውን ዳተኛ ስለሆነ ኩሱ ይቀሰቅሰዋል። ግን ጆንያውን ከፍተሽ እዪው። ሰጋቱራ በሰጋቱራ ከሆነና ኩሱ ነጠብጣብ ብቻ ከሆነ ሳይበሰብስ አፈር ውስጥ አታስገቢው። ሰጋቱራው ለመበስበስ ሲል የአፈሩን ናይትሮጅን ይወስድና ጎመንሽ ቢጫ ይሆናል፣ አንቺ ደግሞ በሽታ መስሎሽ መድኃኒት ፍለጋ ትሄጃለሽ። አቧራውንም ተጠንቀቂ፣ ደረቅ ኩስ ስትገለብጪ አፍና አፍንጫሽን ሸፍኚ፣ መጀመሪያ ውሃ ርጪበት።

አንዳንዱ በባልዲ ዘፍዝፎ ውሃውን ያጠጣል። ቶሎ ይሠራል፣ አልዋሽም፣ ጎመን በቀናት ውስጥ ጥቁር አረንጓዴ ይሆናል። ግን በውሃ በደንብ አቅጥነሽ፣ ሥሩ ላይ ብቻ፣ ለሚበስል ነገር ብቻ። ሰላጣ ላይ ጨርሶ።

ላቦራቶሪ

ባለቤትሽን ከታይፎይዱ ላሳርፈው። ታይፎይድ የሚያመጣው ሳልሞኔላ ታይፊ የሰው ብቻ ነው። ላምም ዶሮም አይዘውም። ከሰው ዓይነ ምድር ወደ ውሃ፣ ከውሃ ወደ አትክልት ነው መንገዱ። (ታይፈስ ከቅማል ነው፣ በኛ አገር ሁለቱ ሁሌ አብረው ስለሚጠሩ ነው።) አሜባም በዋናነት ከሰው ነው የሚመጣው። ስለዚህ ሰው ሰላጣ በልቶ ሲታመም መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት "ሰላጣው በምን ውሃ ነው የጠጣው" የሚለው ነው።

ግን እበት ንጹሕ ነው ማለቴ አይደለም። ላሟ ምንም ሳይላት ኢ. ኮላይ ኦ157 የሚባለውን ክፉ ዓይነት ልትይዝ ትችላለች፣ ልጆች ላይ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ያመጣል፣ አንዳንዴም ኩላሊት ይጎዳል። ዶሮ ሌላ ዓይነት ሳልሞኔላና ካምፒሎባክተር አለው። በተለይ የተቅማጥ ጥጃ ካለች ክሪፕቶስፖሪዲየም የሚባል ተሐዋስ አለ፣ ክሎሪን እንኳን አይገድለውም። ስለዚህ የጥጃዋን ለብቻ አስቀምጪ፣ ወደሚሞቀው ክምር መሀል እንጂ ወደ መደብ አይሂድ።

አቼቶና ውሃ አጋርን ብዙ አትመኚ። ባክቴሪያውን ይቀንሳሉ፣ የወስፋት እንቁላልን አይገድሉም። እሳት ግን ሁሉንም ይገድላል። ለዚህ ነው ለጎመን ብዙ የማልጨነቀው፣ ጎመን ማን ጥሬ ይበላል? ሰላጣና ካሮት ላይ ነው ጥንቃቄው፣ ደግሞ በጾም ወቅት ልጆችም እናቶችም ሰላጣ ላይ ነው የሚከርሙት።

የውሻና የድመት ነገር ክምሩ ውስጥ አይግባ፣ ሙቀት አለው ብለሽም ቢሆን። የሰውማ አይነሳም። ደግሞ ቦት ጫማና ጓንት። የቲታነስ ጀርም በእበትና በአፈር ውስጥ ለዓመታት ይኖራል፣ በተለይ በፈረስ ፋንድያ። ባዶ እግር በመንሽ መሥራት የለም። ክትባትሽን ከወሰድሽ የቆየሽ እንደሆነ ጤና ጣቢያ ጎራ በዪ።

አቃቂ ዳር

ላቦራቶሪ ያለው ልክ ነው። እኔ ያደግሁት አቃቂ ወንዝ ዳር ነው። ከከተማው የወጣ ፍሳሽ፣ የፋብሪካውም የቤቱም፣ በዚያ ወንዝ ይወርዳል፣ በዚያው ውሃ ደግሞ ጎመንና ሰላጣ ይጠጣል። ሰው ያንን ከጉልት ገዝቶ ሲበላ ዝም ይላል፣ የጎረቤት ላም እበት ሲያይ አፍንጫውን ይይዛል። ከባድ ብረት ደግሞ ፈልቶም ታጥቦም አይሄድም። ጓሮዬ፣ የቧንቧ ወይም የዝናብ ውሃ ካለሽ ከእበትሽ ጋርም ቢሆን ከገበያው በብዙ ትሻያለሽ።

አግሮ ዱከም

ሁላችሁም ስለ ጀርም ታወራላችሁ፣ ስለ መጠን ማንም አልተናገረም። እኔ የፍግ ጠላት አይደለሁም ግን "ማዳበሪያ አያስፈልግም" የሚለው ወሬ ገበሬ ያከስራል። ሒሳቡ ይኸው። ዩሪያ 46 በመቶ ናይትሮጅን ነው፣ አንድ ኩንታል 46 ኪሎ። የደረቀ የከብት ፍግ 1.5 በመቶ ገደማ ቢሆን ነው፣ ኩንታሉ 1.5 ኪሎ ብቻ። አንድ ኩንታል ዩሪያ ለመተካት 30 ኩንታል ፍግ መሸከም ሊኖርብህ ነው፣ ከዚያም ውስጥ በመጀመሪያው ዓመት ተክሉ የሚያገኘው ከፊሉን ነው። ሄክታር ያለው ሰው ይኼን ከየት ያመጣል? ጎመንሽ ቢጫ ካለብሽ እፍኝ ዩሪያ መነስነስ ኃጢአት አይደለም።

የበረት ልጅ (ሱሉልታ)

@አግሮ ሒሳብህ ልክ ነው፣ ጥያቄው ግን የ40 ካሬ ነው ወንድሜ፣ የሄክታር አይደለም። ደግሞ ዩሪያ አፈር አያለሰልስም። አንተ ራስህ የዱከምን መረሬ ታውቀዋለህ፣ በጋ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ፣ ክረምት ጫማ የሚነጥቅ ጭቃ። እሱን ዓመት በዓመት ፍግ እንጂ ዩሪያ አያስተካክለውም።

አግሮ ዱከም

እሱስ ይሁን፣ መረሬውን ፍግ ነው የሚያግዘው፣ መደቡን ከፍ አድርጎ ውሃ ማሾለክም ያስፈልጋል። ለ40 ካሬ እንግዲህ፦ የበሰለ የከብት ፍግ በካሬ ከ3 እስከ 4 ኪሎ። ከ120 እስከ 160 ኪሎ መሆኑ ነው። የዶሮው የበሰለ ከሆነ በካሬ ግማሽ ኪሎ፣ ቢበዛ 1 ኪሎ። ሲበዛ ጥሩ ይመስላችኋል፣ ድንቹ ቅጠል ብቻ ይሆንና ከሥሩ ስትቆፍሪ ምንም አታገኚም። ደግሞ ትኩሱን የምትቀብሪ ከሆነ በተበተነበት ቀን ቅበሪው። ፀሐይ ላይ ካደረ ከጉልበቱ የተወሰነው አየር ላይ ቀርቷል።

ጓሮዬ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም፣ ባለቤቴ የላቦራቶሪን መልስ አንብቦ ዝም ብሏል፣ ይኼ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። በገባኝ መሠረት ለድንቹና ለጎመኑ መደብ እበቱን በዚህ ሳምንት እቀብራለሁ፣ ለሰላጣና ለካሮት ከዶሮው ጋር ቀላቅዬ እከምራለሁ። ካሮቱን ከሰኔ ወደ ሐምሌ መጨረሻ ባሸጋግረው ይደርሳል? ሌላው፣ ሰኔ ሲገባ ዝናቡ ክምሩን አያጥበውም? ሽንቱንስ? በረቱ ሲሚንቶ ስለሆነ ሽንቱ በቦይ ወጥቶ መንገድ ላይ ይፈስሳል።

የበረት ልጅ (ሱሉልታ)

ካሮት ሐምሌ መጨረሻ ዘርተሽ ኅዳር ላይ ታወጪዋለሽ። ዝናቡ መስከረም መጨረሻ ላይ ሲያቆም ማጠጣት አለብሽ፣ ከኅዳር በኋላም ውርጭ አለ፣ ግን ካሮት ከድንች ይልቅ ውርጭ ይችላል።

ዝናቡ ያጥበዋል እንጂ! ክረምት ላይ ሜዳ የቀረ ክምር ሥሩ ቡናማ ውሃ ያፈሳል፣ ያ ቡናማ ውሃ ነው ማዳበሪያሽ። ላስቲክ ወይም ሸራ ከላይ ጣል አድርጊ፣ ጎኑን ግን አትጠቅልዪው፣ ይታፈናል። ከፍ ያለ ቦታ ምረጪ፣ ከጉድጓድ ውሃ ካላችሁ ራቅ አድርጊ።

ሽንቱን መጠየቅሽ ደስ ብሎኛል፣ ማንም አይጠይቅም። ላሟ ከምታወጣው ናይትሮጅን ግማሽ ያህሉ በሽንቷ ነው የሚሄደው። ጎረቤትሽ ፈቃደኛ ከሆነ ማታ ማታ ከላሞቹ ሥር ጭድ ወይም ሰጋቱራ ያንጥፍ፣ ጠዋት ርጥቡን ከነሽንቱ ነው የምትዝቂው። ለእሱም ይጠቅመዋል፣ ላሞቹ ደረቅ ላይ ከተኙ ጡታቸው አይታመምም። ጭዱን አንቺ ብትገዢለት ደግሞ እምቢ የሚል አይመስለኝም።

የዶሮ ነገር

አንድ ነገር ልጨምር። ጭድና ድርቆሹ ከየት እንደመጣ ጠይቂ። ሰፊ ቅጠል ያለው አረም ለመግደል ከሚረጩት መድኃኒቶች አንዳንዶቹ፣ አሚኖፓይራሊድን የመሰሉት፣ በከብቱ ሆድ አልፈው ፍጉ ውስጥ ይቆያሉ፣ ክምሩም አያፈርሳቸውም። እ.ኤ.አ. በ2008 እንግሊዝ አገር የብዙ ሰው ጓሮ ቲማቲምና ድንች በዚህ ምክንያት ተበላሽቶ መድኃኒቱ ለጊዜው ከገበያ ታግዶ ነበር። ስለዚህ መደቡ ላይ ከመበተንሽ በፊት የበሰለውን ፍግ ከአፈር ጋር ቀላቅለሽ ሁለት ሦስት ቆርቆሮ ሙዪ፣ በሌላ ሁለት ሦስት ቆርቆሮ ደግሞ አፈር ብቻ። በሁሉም ባቄላ ዝሪ። ሦስት ሳምንት ጠብቂ። የፍጉ ባቄላ አዲስ ቅጠሉ እንደ ጽዋ ከተጠቀለለና ግንዱ ከተጣመመ፣ የአፈሩ ደግሞ ደህና ከሆነ፣ ያንን ፍግ ለሰላጣ፣ ለካሮት፣ ለድንችና ለአተር አታድርጊው።

ጓሮዬ

እሺ፣ ተበላሽቶ ቢገኝስ? ይኼን ሁሉ ዝቄ ልጥለው ነው?

የዶሮ ነገር

አትጥዪውም። ለበቆሎ ስጪው፣ በቆሎ የሣር ዘር ስለሆነ አይነካውም። ብቻ አገዳውን መልሰሽ ክምሩ ውስጥ አታስገቢው።

ኮንዶሚኒየም 4ኛ ፎቅ

ጓሮዬ ከተረፈሽ አንድ ጆንያ የበሰለ ለኔ ያዢልኝ፣ ሐምሌ መጨረሻ መጥቼ እወስዳለሁ። ሽታ የሌለውን ግን፣ በሚኒባስ ነው የምጭነው።